የሜዳው ዳር ምሪት

የሞጣ ገበያ ዳር የነበሩት ሣር ቤቶች በአንድ ቀትር ነደው ሲያልቁ፣ «ለእነዚህ ሰዎች ቦታ ይመራላቸው» ብሎ በማዘጋጃ ቤቱ ጉባኤ ላይ ሽንጡን ገትሮ የተከራከረው ቀለሙ ነበር። ቀለሙ አቡጀዲ ነጋዴ ነው፤ የከተማው ሰው መርጦ ከጉባኤው ካስቀመጠው ገና ዓመት አልሞላውም። ቤታቸው ከነደደባቸው አንዷ ደግሞ ታላቅ እኅቱ ስንዱ ነበረች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ፈትል እየሸጠች የምትኖር ሴት።

«ከአውሮፕላኑ ሜዳ አጠገብ ያ ሁሉ መሬት ተንጣሎ ምን ይሠራል?» አለ ቀለሙ። «ከብት ከሚግጠው ሰው ይግባበት እንጂ!»

የአውሮፕላኑ ወኪል፣ ሜዳው አፍ ላይ ቤት መሥራት ደግ እንዳልሆነ ሊናገር ሞክሮ ነበር። በሳምንት አንዴ ለሚመጣ አውሮፕላን ሲል ሰው ደጅ እንዲያድር ይፈልጋል ተብሎ ተሣቀበት። ሰብሳቢው ግራዝማች አካለ ወልድ ፈቀዱ፤ ችካል ተተከለ፤ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ ለማድረስ ሁሉም ይጣደፍ ጀመር። ለስንዱ የደረሳት ጫፍ ላይ ያለው፣ ለሜዳው የቀረበው ቦታ ነው።

በግንቦት ቀለሙ ለአጎቱ ተዝካር ቢቸና ሄደ። ሲሄድ ከነጋዴዎች ጋር ነበር፤ ሱቁ ተዘግቶ መሰንበቱ ስላሳሰበው ሲመለስ በአውሮፕላን ተሣፈረ። በዕድሜው የመጀመሪያው ነው።

ሞጣ ሲደርሱ ክንፉ ጋደል አለ። ቀለሙ በመስኮቱ ቢመለከት መሬቱ ወደሱ የሚወጣ መሰለው። ችካሎቹን አየ፣ ከዚያ የስንዱን ቤት ለየው። ጣሪያው ላይ ማገር የሚመታ ሰው ነበር፤ መዶሻውን ጥሎ በደረቱ ተለጠፈ። ቀለሙ የሰውየው ሸሚዝ ትከሻው ላይ መቀደዱን እንኳ አየ። ያኔ ሳያውቀው ሁለት እግሩን ከወለሉ ላይ አነሣ፤ ቤቱን እንዳይነካው።

ከአውሮፕላኑ እንደ ወረደ በቀጥታ ወደ እኅቱ ሄደ። ስንዱ ግድግዳ ትመርጋለች።

«እታለም፣ ይኸ ቦታ አይሆንም። ሌላ እፈልግልሻለሁ።»

ጭቃ በያዘ እጇ ቀና አለች። «የሰጠኸኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ከላይ ግን አላየሁትም ነበር።»

«እኔ ከታች በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ መጥቶ ይሄዳል። ቤቴን የበላው እሳት ነው እንጂ አውሮፕላን አይደለም። ተወኝ ወንድምዓለም፣ ዝናብ እየመጣብኝ ነው።»

በማግሥቱ ግራዝማች ዘንድ ገባ። እሳቸውም አዳመጡትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ለምነህ ያስፈቀድከን አንተ! አሁን ደግሞ በክረምት አፋፍ አፍርሱ ልበላቸው?»

«ጫፍ ያሉትን ሦስቱን ብቻ፣ ግራዝማች። የኔ የባሕር ዛፍ ቦታ አለ፣ እዚያ ይስፈሩ።»

«ቦታህን መስጠት ያንተ ፈንታ ነው። እኔ የሰጠሁትን አልነጥቅም፤ ራስህ ለምናቸው።»

ለመነ። ሁለቱ አባወራዎች «አጉል ፈሪ» ብለው መለሱት። ስንዱም ጣሪያዋን ከደነች፣ ገባች።

ያኔ ቀለሙ ሌላ የሚያደርገው ቢያጣ ሐሙስ ሐሙስ አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት እኅቱ ቤት እየሄደ መደቡ ላይ ይቀመጥ ጀመር።

«ምነው መጣህ?» ትለዋለች።

«እንዲያው ነው።»

ድምፁ ሲቃረብ የቤቱ ምሰሶ ይንቀጠቀጣል፣ ከጣሪያው አቧራ ይረግፋል። ቀለሙ ምሰሶውን አቅፎ ዓይኑን ይጨፍናል። አውሮፕላኑ አልፎ ሲሄድ ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሥቶ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ስንዱ መጀመሪያ ሣቀችበት፣ ቀጥሎ ተቈጣችው፤ እሱ ግን አልቀረም።

ሰኔ ገባ። አንድ ሐሙስ ደመናው ዛፍ ላይ ወርዶ፣ አውሮፕላኑ ሜዳውን አጥቶ ላያቸው ላይ ይዞር ጀመር። ይርቃል፣ ደግሞ ይመጣል። ቀለሙ ምሰሶውን እንዳቀፈ ነው። በመጨረሻ አንድ ነገር ጣሪያውን ገፍቶት የሄደ መሰለ፤ ወዲያው ጎማ መሬት ነካ፣ ሞተሩም ጸጥ አለ። ቀለሙ ግን ምሰሶውን አልለቀቀም።

ስንዱ አጠገቡ ተንበርክካ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀችለት።

«ተነሥ» አለችው። «እኔ ለራሴ አልፈራሁም። አንተን ግን በየሳምንቱ ስትሞት ማየት አልቻልኩም። በል፣ ባሕር ዛፍህን አስቈርጥልኝ።»

ቤቱን በዝናብ ነቅለው በዝናብ ተከሉት። ሁለቱ ጎረቤቶች ባሉበት ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመትም፣ በሌላውም ዓመት አንድ ቤት እንኳ አልተነካም። ሰዎቹ በሱቁ ሲያልፉ «ቀለሙ፣ ዛሬም አልወደቀም!» ይሉታል። አብሯቸው ይሥቃል።

ሐሙስ ያ ድምፅ ሲሰማ ግን ገዢ ፊቱ ቆሞም ቢሆን ደጅ ይወጣል። ከሜዳው አቧራ ሲነሣ እስኪያይ ድረስ አይገባም። ከዚያ ይመለስና ያቋረጠውን ጨርቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይለካል።