የስንብት መርፌ

አቶ አሻግሬ ሃያ ስምንት ዓመት በአቃቂና በድሬዳዋ መካከል ባቡር ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ግን የጉሮሮ ካንሰር አልጋ ላይ ጣላቸው፤ ውሃ እንኳ በግድ ነው የሚወርድላቸው።

ሐኪማቸው መገርሳ የጎረቤት ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ባቡሩ ላይ አስቀምጠው ያንሸራሸሩት። አንድ ቀን እጁን ያዙና፣ "ልጄ፣ በቃኝ። አንድ መርፌ ወግተህ አሳርፈኝ" አሉት።

መገርሳ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ። "አርብ እመጣለሁ፣ ጋሼ" አለ።

በእኛ ዘንድ ሐኪም እውነቱን ለበሽተኛው አይናገርም፤ በር ላይ ለቤተሰቡ ሹክ ይላል። አቶ አሻግሬ የገዛ ሕመማቸውን ስም የሰሙት ሰፈሩ ሁሉ ካወቀው በኋላ ነበርና ይህን መርሳት አልነበረባቸውም። ምን ይደረግ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። አመኑት።

አርብ ከሰዓት ተወጉ። መገርሳ ዓይናቸውን ሳያይ ወጣ። አቶ አሻግሬም መውለድ አቅቷት ሠላሳ ዓመት ከጠበል ጠበል የተንከራተተችውን ሚስታቸውን፣ መሰለችን፣ ጠሩ።

"ሳልሞት ልንገርሽ" አሉ። "ድሬዳዋ ልጅ አለችኝ። እምነት ትባላለች፣ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ይቅር በይኝ።"

መሰለች አላለቀሰችም። "ተኛ" አለቻቸው። ቀለል ብሏቸው ተኙ።

ያነቃቸው "ሳሪስ! ስቴዲየም!" የሚል የታክሲ ረዳት ድምፅ ነው። ገነት ውስጥ ታክሲ አይጠራም። ነግቷል። መሰለች አጥሚት ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ጉሮሯቸውም ሻል ብሎታል፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳቸው።

"ምንድነው የወጋኝ?"

"ማስታገሻ። 'ሕመም ላስታግስ እንጂ ነፍስ ላወጣ አልማልኩም' ብሎ ረቡዕ ነግሮኛል። የንስሐ አባታችንም ነፍስህ እንዳትጠፋ ብለው ለምነውታል።"

ሐኪሙ፣ ቄሱ፣ ሚስታቸው፣ ሁሉም ተማክረዋል። ሳይማከሩ የቀሩት ሟቹ ብቻ ናቸው። ያ ያንሸራሸሩት ልጅ እንደከዳቸው ሲገባቸው እንባቸው መጣ።

"አንቺስ?" አሉ። "እንደማልሞት እያወቅሽ ቁጭ ብለሽ አስለፈለፍሽኝ?"

መሰለች አጥሚቱን በማንኪያ አማሰለች።

"መርፌውን አውቅ ነበር" አለች። "ልጅቷን ግን አላውቅም ነበር።"

ከዚያ ማንኪያውን ወደ አፋቸው አስጠጋች። አቶ አሻግሬ አፋቸውን ከፈቱ።