ጥፋቱ የጥዱ ነው

ገበየሁ በዲላ ከተማ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር። አንደኛው የቡና በሽታ ባለሙያነቱ ሲሆን ሁለተኛው ጊታር ሲጫወት ማንም ሳይሰማው ጊታሪስት መባሉ ነው። ሁለተኛውን ስም ያወጣው ራሱ ነው። አባቱ በሶማሊያ ጦርነት ሲሞቱ በልጅነቱ ኩባ ተላከ፤ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ተምሮ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲል ተመለሰ። ጓደኞቹ ከዲፕሎማቸው ጋር ሬዲዮና ጫማ ይዘው ሲመጡ እሱ ወሬ ይዞ መጣ። በትምህርት ቤታቸው የእንጨት ሥራ ክፍል አንድ ስፔናዊ ሽማግሌ ፍላሜንኮ ለሚባለው ለአገራቸው ሙዚቃ የሚሆን ጊታር በእጃቸው ይሠሩ ነበር አሉ፤ ገበየሁም ከአጠገባቸው አይጠፋም ነበር አሉ፤ ሽማግሌውም «ይህ ልጅ ጣት አለው» ብለው መሰከሩ አሉ። ጣት እንዳለው እንኳ እውነት ነው፤ አሥር ነበሩት።

ሙሉካንም ያገባት በዚሁ ወሬ ነው። ሙሉካ አስተማሪ ናት፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ትዘምራለች። ሊያገባት ደጅ ሲጠና «በስምሽ አንድ ዜማ አውጥቻለሁ። በተራ ጊታር ግን አይሆንም፤ ፍላሜንኮ የራሱ ጊታር አለው። ሠርቼ አሰማሻለሁ» አላት። ሳቀች፤ አገባችውም። ዜማው ግን እንደቀረ ቀረ። ልጃቸው ትንሳኤ ተወለደች፣ ጥርስ አበቀለች፣ ትምህርት ቤት ገባች፤ ዜማው የለም። አልፎ አልፎ ነገሩ ሲነሣ ሙሉካ «ላም አለኝ በሰማይ» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ገበየሁ እንደ ቀልድ ይቀበላታል እንጂ ውስጡ ይቃጠል ነበር። ከምንም በላይ የሚፈራው አንድ ቀን «ይህ ሰውዬ ከመጀመሪያውም ዋሽቶ ነው ያገባኝ» ብላ እንዳትደመድም ነው።

የመጀመሪያውን ጊታር ከዋንዛ ሠራው። በኛ አገር የእንጨት ዕቃ የሚመሰገነው በክብደቱ ነው፤ ቁም ሣጥን ሲነሣ አራት ጎረምሳ ካላማጠ «ምን ዕቃ ነው ይሄ» ይባላል። ገበየሁም ጀርባውን እንደ አልጋ አወፈረው፣ እስኪያብረቀርቅ ቫርኒሽ ደራረበበት፣ ከሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች የገዛውን ናይለን ክር ወጠረበት። ከዚያ ቁጭ ብሎ መታው። ትንሳኤ በር የተንኳኳ መስሏት ልትከፍት ተነሣች።

«ጥፋቱ የዋንዛው ነው» አለ ገበየሁ።

ያን ጊዜ የስፔናዊው ሽማግሌ እንጨት ሽታ ትዝ አለው። ጥድ ነበር፤ እዚህ የፈረንጅ ጥድ የምንለው፣ ለጣራ ማገርና ለዶሮ ቤት የምናውለው! ከፍስሐ ገነት ከተማ ጣውላ አስጭኖ መጣ። ጎረቤቱ አናጢው ገመቹ አይቶ «ጋሽ ገበየሁ፣ ዶሮ ልታረባ ነው?» አለው። ገበየሁ ጣውላውን ወደ ግቢ አስገባ። ጀርባውንና ጎኑን ከጥድ፣ ፊቱን ከዝግባ ሠራ። ይህኛው እንኳ ጮኸ፤ ችግሩ ዝም አለማለቱ ነበር። ፍላሜንኮ ድምፁ ጠንከር ብሎ መትቶ ቶሎ እንዲጠፋ ይፈልጋል፤ አለዚያ የሚከተለው መግቢያ አያገኝም። የገበየሁ ጊታር ድምፅ ግን «ልሂድ» እያለ ተነሥቶ በር ላይ ወሬ እንደሚጀምር እንግዳ ነበር። አንዱ ሳይወጣ ሌላው ይገባና ሁሉም ይቦካል።

«ጥፋቱ የጥዱ ነው።»

ጀርባውን በመላጊያ አሳሳው። ክረምት መጣና ፊቱ አበጠ፤ በጋ መጣና ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የዲላ አየር ሆነ። ቀጥሎ የኮላው፣ ቀጥሎ የክሩ። አንድ ቀን በእንጨቱ ላይ ሲጮህ ገመቹ ሰምቶ «ጋሽ ገበየሁ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብህኮ» አለው።

«አህያው ማነው?» አለ ገበየሁ ተቆጥቶ።

ገመቹ ሚስማር በጥርሱ ይዞ ወደ ሥራው ዞረ።

ይሁን እንጂ ሰው እየሰበረም ይማራል። ገበየሁ ከፈረሰ የቡና መጋዘን የወጣ፣ ዕድሜ ያደረቀው ዝግባ አገኘ። ጥዱን ከኮርኒሱ በላይ አኑሮ ለዓመታት አደረቀው። ፊቱን በጣቱ ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ ጥቂት ይልጋል፣ እንደገና ያንኳኳል። ከውስጥ በኩል እንደ ተዘረጋ መዳፍ የሚለጠፉትን ደጋፊ እንጨቶች ክብሪት እስኪያክሉ አቀጠናቸው። ቫርኒሹን ትቶ ጎማላካ የሚባል ስስ የእንጨት ቅባት ቀባው። ክሮቹን ወደ አንገቱ ዝቅ አደረጋቸው፤ እውነተኛውንም የጊታር ክር ከአዲስ አበባ አስመጣ።

አንድ እሑድ ሙሉካና ትንሳኤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጊታሩ አልቆ ጠበቃቸው። ገበየሁ አንዱን ክር መታ። ድምፁ ደረቅ፣ ጥርት ያለ ነበር፤ መታና ወጣ። በኩባ በልጅነቱ የሰማው ድምፅ ይኸው ነው። ሁለቱንም አስቀምጦ ዜማውን ጀመረ።

ጊታሩ የዋለለትን ውለታ ያወቀው ያኔ ነው። እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ስለሚሰማ እያንዳንዱ ስሕተትም ለብቻው ተሰማ። በቀድሞዎቹ ጊታሮች ቡኮ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው መደናቀፍ ሁሉ አንድ በአንድ አደባባይ ወጣ። መሐል ላይ ማቆም የባሰ ስለሆነበት እንደምንም ጨረሰው። ትንሳኤ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ገበየሁ ሰበብ ሊያወጣ አፉን ከፈተ፤ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ክሩ እውነተኛ ነው። የቀረ ሰበብ አልነበረም፤ ሁሉንም በገዛ እጁ ልጎ ጨርሶታል።

«ድምፁ ትንሽ ረዝሞ ይሆን?» አለች ሙሉካ ቀስ ብላ። «ጀርባውን ትንሽ ብታሳሳውስ?»

ሙሉካ ስለ ጀርባ ውፍረት ተናግራ አታውቅም። ስትዘምር የኖረች፣ ጆሮ ያላት ሴት ናት፤ በግድግዳ ማዶ ሲለማመድም ሰምታዋለች። ታውቅ ነበር ማለት ነው፣ ምናልባትም ገና ከዋንዛው ጀምሮ። አሁን ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት ዓመት የሚያኖረውን ሰበብ በእጁ እያስጨበጠችው ነው። ገበየሁ አፈረ፤ ደግሞም እንደዚያች ቀን ወዷት አያውቅም። መላጊያው እዚያው አጠገቡ ነበር፤ እጁም ሊያነሣው ሄዶ ነበር።

«አይ» አለ። «ጊታሩ ምንም አልጎደለውም። የማልችለው እኔ ነኝ። ያኔ ሳገባሽም አልችልም ነበር።»

ሙሉካ ነጠላዋን አውልቃ ለትንሳኤ ሰጠቻት፤ ወንበሯንም ወደሱ አስጠጋች።

«እንግዲያው ድገመው» አለችው። «መጀመሪያ ላይ ግን ቀስ በል።»

ደገመው። አሁንም አልቻለም። ሙሉካ ግን አልተነሣችም።