ለመልከጼዴቅ የተሰጠው

ወናጎ ውስጥ በዓል በመጣ ቁጥር በሬ የሚያርደው ግዛቸው ነው። ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት ይጎድለዋል። የቆረጠበትም መልከጼዴቅ የሚባል የማሳ ጎረቤቱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በቡና ማሳ ድንበር ተጣሉና መልከጼዴቅ ገጀራ ሰነዘረ፤ ግዛቸው በባዶ እጁ መከተ። ሰውየው ሁለት ዓመት ታስሮ ወጣ።

ግዛቸው ግን ቂሙን አልፈታም። "አንድ ቀን እጄ ይገባል" ይላል።

"ለእግዜር ስጠው" ትለዋለች ሚስቱ ባርኮት።

"እግዜር ጣት አልጎደለበትም" ይላታል።

የገና ዕለት ቅዳሴው አልቆ ሊነጋጋ ሲል አባ ሠረቀብርሃን ትንሽ አስተማሩ። "ሰብአ ሰገል እጅ መንሻ ይዘው ወደ ንጉሥ ሄዱ" አሉ። "እናንተም ዛሬ ስጦታ ይዛችሁ ወደ ወዳጅ ቤት ትሄዳላችሁ። ደግ ነው። ንጉሡ ግን ራሱን ስጦታ አድርጎ የመጣው ወደ ጠላቶቹ ቤት ነው።" ግዛቸው ሐሳቡ ቅርጫው ላይ ስለነበር በግማሽ ጆሮው ነው የሰማቸው።

ረፋዱ ላይ ስምንት ቤት በጋራ የገዛውን በሬ አርዶ ቆዳውን እየገፈፈ ሳለ ከአስፋልቱ በኩል "ሌባ! ያዘው! በለው!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ቢላዋውን እንደያዘ ሮጠ።

ኡስማን ሱቅ ፊት ለፊት ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ አንድ ሰው መሬት ወድቆ ይንፈራገጣል። መላኩ የሚባለው ጎረምሳ በፌሮ ብረት ጉልበቱን ሲለው አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ሰውየው ጮኸ። አንዱ ድንጋይ ወረወረበት፤ ሌላው አፉን በጫማ መታውና ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ።

"ያሰጣሁትን ጀንፈል ቡናዬን በጆንያ ሲያጭቅ ነው የያዝኩት!" አለ መላኩ እያለከለከ።

ሰውየው ተገላበጠ። መልከጼዴቅ ነበር።

"ግዛቸው! ያንተው ሰው ነው! ና፣ ድርሻህን ውሰድ!" አለ ከሕዝቡ አንዱ። መንገድ ለቀቁለት።

ግዛቸው ገባና ጎኑን ረገጠው። ከጫማው ሥር የሆነ ነገር ሲሰበር ተሰማው፤ ደስም አለው። ደግሞ ረገጠው። ሦስት ዓመት ያጠራቀመው ሁሉ ወደ እግሩ ወረደ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጸጉሩን ጨመደደና አንገቱን ወደ ኋላ ቀለበሰው። የበሬው ደም ገና ከቢላዋው ላይ አልደረቀም።

ሕዝቡ ለማየት ተጠጋ።

"ግዛቸው" አለ መልከጼዴቅ፣ ባልተዘጋው ዓይኑ እያየው። "እባክህ ቶሎ ጨርሰኝ።"

ግዛቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያርድ ኖሯል፤ የት ላይ እንደሚያሳርፈው ያውቃል። እጁ ግን እምቢ አለ። የአባ ቃል መጣበት፤ ወደ ጠላቶቹ ቤት። አላዘነም፤ እንዲያውም ተናደደ። ምነው ሌላ ቀን ቢሆን! ምነው ዛሬ ባልሰማሁ! ቢላዋውን ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ወረወረው።

"በቃ! ፖሊስ ጥሩ!"

"ቡናው ያንተ ነው እንዴ? ዞር በል!" መላኩ ፌሮውን አነሳ።

ዞር አላለም። መልከጼዴቅ ላይ ተደፋበት። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ፣ ሁለተኛው ጀርባው ላይ አረፈ። ድንጋይ ዘነበበት። "ተነሥ!" ሊል ቀና ሲል ሦስተኛው ፊቱን አገኘው። ቀኝ ዓይኑ ውስጥ እሳት የፈነዳ መሰለው፤ ትኩስ ነገር ጉንጩ ላይ ፈሰሰ። እንደዚያም ሆኖ አልተነሣም። ከሥሩ የጠላቱን ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

ኡስማን ሕዝቡን በክርኑ እየጣሰ ገባ። "ሰውዬውን ልትገድሉት ነው! ግዛቸው ነው እኮ! ምን ነካችሁ!" ፌሮውን ከመላኩ እጅ ነጠቀው። ያን ጊዜ ሁሉም የማንን ደም እንዳፈሰሱ አዩና አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሸሹ። ኡስማን ሁለቱንም በመኪናው ጭኖ ዲላ ሆስፒታል ወሰዳቸው።

ዓይኑ አልተረፈም። መላኩንም ፖሊስ ያዘው። በሦስተኛው ቀን ባርኮት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ "ለእሱ? ዓይንህን ለእሱ?" እያለች ታለቅሳለች። መልከጼዴቅ እግሩ በጀሶ ታሽጎ ሁለት አልጋ አልፎ ተኝቷል።

"ግዛቸው" አለው። "ምን ፈልገህ ነው? ድንበሩን ልልቀቅልህ?"

"አልፈልግም። ከተቀበልኩህማ ዓይኔን ሸጥኩልህ ማለት ነው።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

ግዛቸው በደኅናው ዓይኑ ወደ እሱ ዞረ። "ጎንህን የሰበርኩት እኔ ነኝ" አለ። "መላኩ አይደለም። እያወቅሁ፣ ደስ እያለኝ ነው የረገጥኩህ። ይህን ይቅር በለኝ።"

መልከጼዴቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በተሰበረ ጎኑ ማልቀስ እያመመው አለቀሰ። "ይቅር ብያለሁ" አለ።

ባርኮት ብድግ ብላ ወጣች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ከመልከጼዴቅ ራስ ሥር የተንሸራተተውን ትራስ ከፍ አድርጋ አስተካከለችለት፤ ግን አላናገረችውም።