የታዛቢ ድስት

ጋሼ ባንተአምላክ በዚያ በ2008ቱ ሁዳዴ ሚስታቸውን የሚያገኟት ከቀትር በኋላ ነበር። ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም፤ እናም ጓሮ ካለው አግዳሚ ላይ ጋደም ይላሉ። የእንጅባራ ፀሐይ፣ ያችው ብርሃን እንጂ ሙቀት የሌላት፣ ፊታቸው ላይ ስታርፍ ረኃቡ ቀስ እያለ ወደ እንቅልፍ ይለወጣል። ያን ጊዜ ዘውድነሽ ትመጣለች። በርጩማዋ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ፣ ከትንሽ ጥቁር ድስት እየቆረሰች ታጎርሳለች። ማንን እንደምታጎርስ አይታያቸውም።

"ምንድን ነው የምትሰጪው?" ይሏታል።

አትዞርም። ሲነቁ በርጩማው ባዶ ነው፤ ከሥሩ ውሻው ተጋድሞ ያያቸዋል።

ውሻው ታዛቢ ይባላል። ስሙን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ "በዚህ ሰፈር አይቶ ዝም የሚል እሱ ብቻ ነው" ብለው። ስም ከማውጣት በቀር ግን ያደረጉለት ነገር አልነበረም። ቀለቡ የዘውድነሽ ጉዳይ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ትንሿን ድስት ይዛ ወደ ጓሮ ስትወጣ እያዩ ይተርቧት ነበር። "ለውሻ ምግብ ቤት ከፈትሽለት እኮ" ይሏታል። "ለውሻው ነው፤ ምን አጠፋሁ?" ብላ ትስቃለች። እሳቸው ራሳቸው ምላስ የሚልጥ ወጥ ካልቀረበ ማዕድ ቀረበ አይሉም። በርበሬ የሌለው ወጥ የሬሳ ቀለብ ነው ባይ ናቸው፤ ይህንንም በየማኅበሩ ሲናገሩት ሰው ይስቅላቸዋል።

ከሁዳዴው በፊት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ዘውድነሽን በድንገት ደም አስመለሳት። ባሕር ዳር አደረሷት፤ በአራተኛው ቀን አረፈች። "የቆየ የጨጓራ ቁስል ነው" አሉ ሐኪሞቹ። ጋሼ ባንተአምላክ አላመኑም። አርባ ዓመት ከአንድ ትሪ ሲበላ ኖሮ የሚስቱን ሕመም የማያውቅ ባል የት አገር አለ?

ለቅሶ ደራሹ ለታዛቢ አዘነለት። ማዘኑም ጉድ አመጣ፤ አንዱ አጥንት ይወረውርለታል፣ ሌላው የወጥ እንጥፍጣፊ፣ ሌላው አተላ። ተዝካሩ ሳይደርስ ውሻው የበላውን ሁሉ የሚመልስ፣ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ሆነ። ጋሼ ባንተአምላክ መጀመሪያ ችላ አሉት። አንድ ቀን ግን ከመኝታቸው ሲነሱ ታዛቢን ከዘውድነሽ በርጩማ ሥር አንገቱን ጥሎ አዩት። እሷ በእጇ ያሳደገችው፣ እስትንፋስ ያለው ነገር እሱ ብቻ ቀርቷል። እሱም ከሞተ ጓሮው ባዶ ነው።

በአሮጌ ነጠላዋ ጠቅልለው በባጃጅ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰዱት። ባለሙያዋ የምሥራች የምትባል፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሆዱን ደባበሰች፣ ድዱን ገልጣ አየች።

"ጋሼ፣ ይኼ የዛሬ ሕመም አይደለም። ከቡችላነቱ ጀምሮ ሆዱ ደካማ ነው" አለች። "መርፌው ለጊዜው ነው፤ የሚያቆመው ምግቡ ነው። በርበሬ፣ ዘይት፣ አጥንት፣ አተላ የሚባል አይቅመስ። ድንች ያለ ጨው ይቀቅሉለት፣ የተቀቀለ እንቁላል ፍርፍር አድርገው ይቀላቅሉበት። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አራት ጊዜ። እስከ ዛሬ ምን ነበር የሚበላው?"

"እንጃ ልጄ። ስምንት ዓመት ሙሉ ባለቤቴ ነበረች የምታበላው።"

"እንዲህ ያለ ሆድ ይዞ ስምንት ዓመት የኖረው የሚያውቅ ሰው እጅ ላይ ወድቆ ነው" አለች የምሥራች። "እስከ እሑድ እህል ካልወሰደ ግን አይተርፍም።"

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ጋሼ ባንተአምላክ ከክሊኒኩ ሲመለሱ ሱቅ ጎራ ብለው እንቁላል ገዙ። ያውም በሁዳዴ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ለምን እንደገዙ ለባለ ሱቁ መንገር አልታያቸውም፤ ወሬው ግን ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ገባ። በሰባት ዓመታቸው ጾም ጀምረው አንድ ቀን ያልገደፉ፣ የሌላውን ጾም ሳይቀር የሚቆጣጠሩ ሰው!

እሳቸው ወሬውን አልሰሙም፤ ጭንቃቸው ሌላ ነበር። ድንቹን እንደታዘዙት ቀቅለው፣ እንቁላሉን ፈርፍረው፣ በዚያችው ጥቁር ድስት ለታዛቢ አቀረቡለት። ውሻው ተነሣ፣ አሸተተ፣ ምራቁን ዋጠ። ከዚያ ቁጭ ብሎ እሳቸውን ያይ ጀመር። ረቡዕም እንደዚያው፣ ሐሙስም እንደዚያው። ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ገፋ አድርገውለት ዞር አሉ። ወይ ፍንክች።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ዘውድነሽ እንደ ልማዷ መጣች። ጀርባዋን ሰጥታ ትቆርሳለች። ከእሷ በላይ የተንጠለጠለው ጉም እንደ ባዘቶ የሳሳ ነው። "እባክሽ ንገሪኝ፤ ሊሞትብኝ ነው" አሏት። እጇ ወደ ራሷ አፍ ሄደ። የዚያኔ የአጥሩ በር ሲንኳኳ ነቁ።

ጎረቤታቸው ማናለብሽ ናት፤ ለተዝካሩ ያዋሰቻቸውን መሶብወርቅ ልትወስድ መጥታለች። ገብታ ዓመድ መድፊያው ላይ የተጣለውን የእንቁላል ቅርፊት አየች።

"ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ሰዉ እንቁላል ገዙ ይላል።"

"ለውሻው ነው።"

ማናለብሽ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እትዬ ዘውድነሽም እንዲሁ ነበር ያሉኝ።"

"ምን አልሽ?"

"የዛሬ አምስት ዓመት፣ በሁዳዴ፣ ጎመን ልቀነጥስ ስገባ እዚህ በርጩማ ላይ አገኘኋቸው። አንድ ጉርሻ ለራሳቸው፣ አንድ ለታዛቢ፣ ከዚችው ድስት። ደነገጡ። 'ለውሻው ነው' አሉኝ፣ አፋቸው ሙሉ ነበር። ኋላ እጄን ይዘው ነገሩኝ። ሆዳቸው በርበሬ አልችል ብሎ፣ የውሻው ምግብ ለእሳቸውም ተስማምቷቸው ኖሯል። እንቁላሉንም የነፍስ አባታቸው ፈቅደውላቸዋል። 'ባንተአምላክ እንዳይሰማ፤ ጾም የምትገድፍ ሚስት አለችው ከሚባል እሳት ብበላ ይሻለኛል' ብለው አስማሉኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት።"

"ከእኔ ጋር ትበላ አልነበር?"

"ይበሉ ነበር፣ እርስዎ ፊት። ከዚያ ወጥተው ያስመልሳሉ።"

"ለምን አልነገረችኝም?" አሉ ቁጣ በቁጣ ሆነው።

"ቢነግሩዎትስ ምን ይሏቸው ነበር፣ ጋሼ?"

ምን እንደሚሉ ያውቁት ነበር። የሬሳ ቀለብ ይሉት ነበር፤ ማኅበር ላይም ያስቁበት ነበር። ማናለብሽ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ ወጣች።

ጋሼ ባንተአምላክ ድስቱን አነሡ። ከዚያ ዘውድነሽ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በበርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ዝቅተኛ ነው፤ ጉልበታቸው ደረታቸው ደረሰ። ታዛቢ እየተንገዳገደ መጥቶ ፊታቸው ቁጭ አለ። ድስቱን ከፍተው ቆረሱና ዘረጉለት። አልነካውም፤ የሚያየው አፋቸውን ነው።

የቅዳሴው መውጫ ደወል ገና አልተደወለም። ጋሼ ባንተአምላክ ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት።

ጨው የለውም፣ በርበሬ የለውም፣ ምንም የለውም። ይህን ነበር እሳቸው እንዳያዩዋት ጀርባዋን ሰጥታ ስትበላ የኖረችው። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን ቆርሰው ሲዘረጉ ታዛቢ ከእጃቸው ላይ ቀስ ብሎ ወሰደውና ዋጠ። አንድ ለእሳቸው፣ አንድ ለእሱ። ድስቱ እስኪጋመስ እንዲህ ሲሉ ቆዩ።

ማናለብሽ የረሳችውን መሶብወርቅ ልትወስድ ተመልሳ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

"ለውሻው ነው" አሏት ጋሼ ባንተአምላክ። አፋቸው ሙሉ ነበር።