ሰባት ደቂቃ ከምናምን

«የወርቁን ሰዓት ለእህትህ ተውክላት አሉ። ተባረክ ልጄ!» አሉ ጎረቤታቸው ማዳም ሮሻ፣ ያመጡትን የሽንኩርት ሾርባ ምድጃው ላይ እያስቀመጡ።

ኦሬል አንገቱን ደፋ። ማዳም ሮሻ የአይብ ነጋዴ ሚስት ናቸውና ለእሳቸው ወርቅ ያው ወርቅ ነው።

አባቱ ሙስዬ አሚ ፎቅ ላይ መኝታ ቤታቸው፣ መስኮቱ ገርበብ ተደርጎ፣ ሞተው ከተጋደሙ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ቀብሩ ነገ ነው። ሐይቁ በረዶ ሆኗል፤ ለቀስተኛው ጫማውን እያራገፈ ይገባል፣ ነጭ ወይን ይቀምሳል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ኑዛዜው ሁለት መስመር ነበር፦ ሁለቱን ክሮኖግራፎች፣ ቆጣሪ ያላቸውን የእጅ ሰዓቶቼን፣ ልጆቼ አንድ አንድ ይውሰዱ፤ ኦሬል ነገሩን ስለሚያውቅ ቀድሞ ይምረጥ።

ማወቁንስ ያውቃል። ጄኔቭ ከተማ የሰው ጥርስ ሲነቅል ኖሮ ያገኘውን ሁሉ ሰዓት ላይ ያፈሰሰ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት አባቱ አርባ ዓመት ያጎነበሱበት የሥራ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ባጉሊ መነጽር መረመራቸው። የወርቁ የሠሩበት የሰዓት ፋብሪካ ለጡረታቸው የሸለማቸው ነው፤ አንድም ጭረት የለበትም። የብረቱን ራሳቸው ገጣጥመው ለአሥርት ዓመታት አስረውታል፤ ፊቱ ወይቧል፣ ጠርዙ ተፋፍቋል። ግን በዚያ ዘመን የወርቁ በሽ በሽ ሲሠራ የብረቱ በጣት የሚቆጠር ነበር። ኦሬል እንዲህ ዓይነቱን ፍለጋ አሥራ ስምንት ዓመት ተንከራቷል። «የአባቴ ክንድ የነካው ይሻለኛል» አለ ለራሱ። እሱም ውሸት አልነበረም፤ የትኛው ምክንያት እንደሚያመዝን ግን ራሱን አልጠየቀም።

የብረቱን ሲያነሳው አልተሞላም፣ ቆሟል። ረጅሟ የሰከንድ ቆጣሪ ግን ዜሮ ላይ አልነበረችም። ትንሿ የደቂቃ ቆጣሪም ሰባት ላይ ነበረች።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ በዚሁ ጥፋት ጣቶቹን በብሩሽ እጀታ ተመቷል። «ክሮኖግራፍ ዜሮ ሳይገባ አይቀመጥም! የሰነፍ ሥራ ነው!» ይሉ ነበር አባቱ። እናም አውራ ጣቱ ሳያማክረው የታችኛውን ቁልፍ ተጫነ። ቀጭ! ሁለቱም ቆጣሪዎች ዜሮ ገቡ። ሽማግሌው ጃጅቶ ነበር ማለት ነው ብሎ አዘነ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ እህቱ ሲልቬት የምታጥበውን ብርጭቆ ትታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ኦሬል፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የወርቁን አንተ ውሰደውና የብረቱን ስጠኝ።»

ዋጋውን ማን ነገራት? «ለምን?»

«እማዬ ስትሞት አልነበርክም።»

«ጨረታ ላይ ነበርኩ። ስንት ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅ?»

«ለወቀሳ አይደለም። ትንፋሿ እየራቀ ሲሄድ አባዬ ያንን ሰዓት ፈትቶ በእጁ ያዘ። ስትተነፍስ ያስነሳዋል፣ ስትደግም ዜሮ ያስገባዋል። የመጨረሻዋን ጊዜ አስነሳውና ጠበቅን። ‹ቆይ፣ ትመጣለች› ይለኛል። ሰባት ደቂቃ ከምናምን ጠብቆ አቆመው። ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም፣ አልነካውም። ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ነው ያስቀመጠው፤ ምናምኑ ስንት እንደሆነ ለእኔም አላሳየኝም። ‹ስቀበር ታዪዋለሽ› ነው ያለኝ።» ፊቷን በጨርቁ ጠረገች። «የምፈልገው ሰዓቱን አይደለም። ቆጣሪዋ የቆመችበትን ነው።»

ኦሬል ሰዓቱን ኪሱ ውስጥ ጨበጠው። ጓዳ ገብቶ ሞልቶ፣ አስነስቶ፣ ሰባትን አለፍ ስትል ቢያቆማት ማን ያውቅበታል? እንኳን ሲልቬት፣ በሸለቆው ያለ ሰዓት ሠሪ ሁሉ ቢሰበሰብ አይለየውም። ለመነሳት እንኳ አኮበኮበ። ግን ሰዓቱን ከኪሱ አወጣው።

«ዜሮ አስገባሁት» አለ።

«ምኑን?»

«ጠዋት። እጄ ነው። ሰባት ላይ እንደነበረች አይቻለሁ። ሰከንዷን ግን… አላየሁም፣ ሲልቬት።»

«ዘጠኝ ዓመት አቧራውን ስጠርግ እፍ እያልኩ ነበር» አለች ቀስ ብላ፣ «ጨርቅ እንዳይነካው።»

«ደግሞ ከወርቁ የሚበልጠው የብረቱ ነው። በዋጋ። ደብቄሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። አባዬ ነግሮኛል። ‹የብረቱን ይመርጣል፣ ለዋጋው ብሎ› አለኝ። እኔ ነኝ፣ ‹ኧረ አባዬ፣ ላንተ ብሎ ነው› ያልኩት።»

ተነስታ ደረጃውን ወጣች። ተከተላት። የሙስዬ አሚ አፍንጫ ሾሏል፤ ገርበብ ባለው መስኮት የሚገባው ብርድ ያንቀጠቅጣል። ሲልቬት የአባቷ ራስጌ ተቀምጣ ለወንድሟ ሰዓቱን በዓይኗ ጠቆመችው። ሰዓቱን ሞላውና የላይኛውን ቁልፍ ተጫነ። ቆጣሪዋ መሄድ ጀመረች።

ሁለቱም የአባታቸውን አፍ እያዩ ጠበቁ። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት፣ አምስት። ታች ማዳም ሮሻ ሳህን ያንኳኳሉ። ሰባት ሞላ። ሲልቬት «አቁመው» አላለችም፤ እሱም ቀና ብሎ አላያት። ስምንት አለፈ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ እንደተቀመጠ ነበር፤ አልተጫነውም።