የወጥ ቤታችን አረንጓዴ

ግሌን ሃስኪንስ ከአባዬ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ እግሩ ብቻ ይታየኛል። «ሼረል፣ ይሄ ባሌስትራ የዚህች መኪና አይደለም» አለኝ ከዚያው ሆኖ።

«ቀልድህን ተወኝ» አልኩት።

«ነይና ራስሽ እይው።»

ግሌን በአውራጃው ትርዒት ላይ፣ ከፋብሪካ ከወጡ ጀምሮ ያልተነካኩ የዱሮ መኪኖችን የሚዳኝ ሰው ነው። አፉ ክፉ ነው፤ ግን አይዋሽም። ሣሩ ላይ ተጋድሜ፣ መኪናዋ በኋላ ጎማዎቿ ላይ የምታርፍበትን ተነባባሪ ብረት አየሁ። የኛ መኪና ሞተሯ ጉልበተኛ ስለሆነ ነዳጅ ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን ትጣመማለች። ፋብሪካው ይህን ለመከላከል የኋላ ቀኟን ባሌስትራ ከግራው ለየት አድርጎ፣ ቁመታቸው ግማሽ ግማሽ የሆኑ ብረቶች ጨምሮበት ነው የሠራው። ለማያውቅ ሰው ስህተት ይመስላል። አሁን ግን ግራና ቀኙ እንደ መንታ አንድ ናቸው።

«የቀየረው ሰው ማስመሰሉንስ አሳምሮታል» አለ ግሌን። «ዝገቱ ሳይቀር። ግን ሁለቱንም እኩል አደረጋቸው። አባትሽ ቀይሮት ይሆን?»

አባዬ? ሳቄ መጣ። አባቴ ዱዌን ይህችን መኪና ገና አዲስ ሳለች ገዝቶ፣ የመብራቷን ክዳን እንኳ ቀይሮ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከእናቴ በፊት ደህና አደርሽ የሚለው መኪናዋን ነበር። ሊሞት ሲል የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንዳለች ወስደሽ አሳይልኝ።» ወደ ትርዒቱ ይዣት የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

አባዬ ሆስፒታል ሳለ የጋራዣችን ጣሪያ በበረዶ ክብደት ተደረመሰ፤ መኪናዋን ቤቱ ወስዶ ያስቀመጠልን ዌንደል ነው። ዌንደል የአባዬ የልብ ጓደኛ ነበር። አንድ ዓይነት መኪና አብረው ገዙ። አባዬ የራሱን ሲያሽሞነሙን ዌንደል ግን የገዛ መኪናውን እሽቅድምድም ላይ አወጣትና ባሌስትራዎቿን ሰባበረ። ከዚያ ወዲህ ኦርጂናሉን ሲፈልግ አረጀ። ይህን ሁሉ ግን ያኔ ላገናኘው አልፈለግኩም። የአባዬን ሬሳ ሣጥን ከፊት ሆኖ የተሸከመው ዌንደል ነው። አባዬ ከሞተ በኋላም እሁድ እሁድ ሾርባ ይዞ እየመጣ የተበላሸ ቧንቧዬን የሚጠግንልኝ እሱ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አጎቴ ነው የምለው፤ ከሱ ሌላ የቀረኝ ሰው የለም።

«የዌንደልን አየሃት?» አልኩት ግሌንን።

«ዘንድሮማ ጉድ ነው። እውነተኛውን ባሌስትራ ከየትም ብሎ አግኝቷል።»

ተነስቼ ወደ ዌንደል መኪና ሄድኩ።

ዌንደል ከመኪናው አጠገብ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሎሚ ጭማቂ ይጠጣል። «ነይ የኔ ልጅ፣ ጥላው ሥር አረፍ በይ። ያ ነጭናጫ ግሌን አቃጠለሽ?»

«አጎቴ፣ ባሌስትራህን ልየው።»

«ምን ያደርግልሻል? ልብስሽን ታቆሽሺያለሽ።»

«ይታጠባል» ብዬ ሥሯ ገባሁ።

በቀኝ በኩል ግማሽ ግማሾቹ ብረቶች አሉ። እውነተኛ ባሌስትራ እኮ የኛ ብቻ አይደለም፣ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ አረንጓዴውን አየሁት።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ወጥ ቤቱን አረንጓዴ ካልቀባሁ ብላ ድርቅ አለች። የቀለሙን ጣሳ ከመኪናዋ ኋላ አስቀምጣ ረሳችው፤ አባዬ ወደ ኋላ ሲነዳ ጨፈለቀው። ቀለሙ ፈንጥቆ የኋላ ቀኝ ባሌስትራዋን አለበሰው። ያን ቀን ዌንደልም ነበር፤ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ሣሩ ላይ ተንከባለለ። እናቴ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ አባዬ ከለከላት። «ተይው፣ አሁን የቤት ልጅ ሆነች» አላት።

ያ ቀለም አሁን ላዩ ላይ የለም። በሽቦ ብሩሽ ተፈቅፍቆ ዝገት በሚመስል ነገር ተሸፍኗል። ብረቶቹ በተነባበሩበት ስንጥቅ ውስጥ ግን፣ ብሩሽ በማይደርስበት፣ እንደ ክር ቀጥኖ ቀርቷል።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር። ያም ሆኖ እዚያው እንደተኛሁ ሰበብ እፈልግለት ጀመር። ሌባ ከሱ ቤት ሰርቆ መልሶ ለሱው ሸጦለት ቢሆንስ? ሳያውቅ ገዝቶት ቢሆንስ?

ስወጣ ግሌን ተከትሎኝ ደርሷል።

«ከየት አገኘኸው?» አልኩት ዌንደልን።

«ቶሌዶ ከተማ አጠገብ፣ ከአሮጌ መኪና መጣያ።» ዓይኑን ከብርጭቆው አላነሳም።

ግሌን የእጅ ባትሪውን አብርቶ ጎንበስ አለ። «እዚህ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም አለ። እንዳለ ቢተውት ምን ነበረበት? እኛ ዳኞች ለእድፍ ነጥብ አንቀንስም። ማነው እንዲህ የፈቀፈቀው?»

«የወጥ ቤታችን ቀለም ነው» አልኩ።

ግሌን እኔን አየ፤ ዌንደልን አየ፤ ባትሪውን አጥፍቶ ራቅ አለ።

ዌንደል ተነሳና እንደ ቀብሩ ዕለት ክንዴን ሊይዘኝ እጁን ዘረጋ። ሸሸሁት።

«ሳላውቅ ገዛሁት በለኝ» አልኩት። እንባዬ ይወርዳል። «እንደሱ በለኝና ልመንህ። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?»

የምሬን ነበር። ውሸቱን ልውጠው ተዘጋጅቼ ነበር።

እሱ ግን እኔን አላየኝም። በጉልበቱ ተንበረከከና ግሌን ባትሪ ያበራበትን ቦታ ትኩር ብሎ ተመለከተው።

«ቀለሙ ውስጥ ድረስ መግባቱን አላየሁም» አለ።