ማን ጨርስልኝ አለህ

ቀለም ቀቢው ከሆስፒታል የወጣ ዕለት የሆዱ ስፌት ገና አልደረቀም ነበር። የሐሞት ጠጠሩ ወጥቶለት፣ ቀበቶ ማጥበቅ ፈርቶ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ እየያዘ፣ በሌላው ልጁን ተደግፎ ነው ደረጃውን የወጣው። ልጁ ፀጉር ሠሪ ናት፤ አርባን የተሻገረች፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ የተከራየችውን ቤት ለቅቃ ከአባቷ ጋር የገባች። ያን ቀን ጠዋት ከፀጉር ቤቱ ፈቃድ ጠይቃ ነበር ልታመጣው የሄደችው። ቤት ሲገቡ ውኃ ልስጥህ ወይ ጋደም በል ሳትለው በቀጥታ እሱ ሞዴል ወደሚሠራባት ወደ ጓዳዋ ክፍል መራችው። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር ነበር። ጨርቁን ገለጠችው።

መርከቧ አልቃለች። ኔቫዳ የምትባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ የፕላስቲክ ሞዴል፣ ርዝመቷ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ፣ እሱ ሆስፒታል ሲገባ ግማሽ ጎኗ ሳይቀባ ራቁቱን የነበረ፣ አሁን ምሰሶዋ ቆሞ፣ ገመዶቿ ተወጥረው፣ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ተቀብታ ተቀምጣለች።

«አድሚራሉ ነው የጨረሰልህ፤» አለች ልጁ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ አባዬ።»

አመሰግናለሁ ሊላት አፉን ከፈተ። ግን ደክሞኛል ብሎ ወጣ። እሷም የሕመሙ ድካም መስሏት፣ ምሳውን አሰናድታ ከድናለት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሲቀባ የኖረ ነው። ጋራዥ ውስጥ፣ የተጋጨ በር ስቱኮ ሞልቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ፣ ቀለም ሲነፋበት ባለቤቱ ራሱ የትኛው በር እንደተጋጨ እስኪጠፋው ድረስ ያደርገው ነበር። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈትቶ አልቀመጥ አለው፤ የጦር መርከብ ሞዴል መገጣጠም ያዘ። በየሳምንቱ የሚገናኙ የሞዴል ሠሪዎች ስብስብ አለ፤ እዚያ ገባ። አድሚራሉንም ያገኘው እዚያ ነው። አድሚራል ቅጽል ስሙ ነው እንጂ ባሕር ላይ አንድ ቀን አላደረም፤ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነበር። ስብስቡ ላይ የመርከበኛ ኮፍያ ስለማይለየው ነው ስሙ የወጣለት።

ኔቫዳ ከመገጣጠሚያ ሳጥኗ ስትወጣ መልኳ እውነተኛዋ መርከብ በዓለም ጦርነቱ ከመመታቷ በፊት እንደነበረችው ነው። ቀለም ቀቢው ግን የሚፈልጋት ያቺን አልነበረም። የሚፈልጋት ወደብ ውስጥ በቦምብና በቶርፔዶ ተመትታ፣ እየተቃጠለች ተንቀሳቅሳ፣ መተላለፊያውን እንዳትዘጋ ዳር ላይ እንድትቀመጥ የተደረገችውን፣ ከዚያም ተነሥታ፣ ተጠግና፣ መልኳን ለውጣ ወደ ጦርነቱ የተመለሰችውን ነው። ያቺ ኔቫዳ ሳጥን ውስጥ የለችም። በመጋዝ ቆርጦ፣ የኋላውን ምሰሶ ነቅሎ፣ ከመርከቧ ወለል በላይ ያለውን ቤት ከፕላስቲክ ሉህ እንደገና ሠርቶ፣ ጭስ ማውጫዋን ጫፉን ወደ ኋላ አዘንብሎ ነው የሚያገኛት። በሁለቱ ጎኖቿም ባለ ሁለት አፈሙዝ መድፍ የተተከለባቸው ትንንሽ ማማዎች፣ አራት በዚህ አራት በዚያ፣ እያንዳንዱ ከምስር ፍሬ ጥቂት የሚተልቅ፣ ከባዶ መሥራት ነበረበት።

እነሱን ሲጀምር ነው እጁ መንቀጥቀጥ የያዘው። ሐኪሙ የቀለም ጭስም ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜም ሊሆን ይችላል አለ፤ ጭሱም ዕድሜውም የራሱ ነበሩና የሚከሰው ሰው አጣ። ወረንጦውን ሲይዝ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ይተክላል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ግራ እጁ ቀኙን እንደ አመለኛ በቅሎ አንቆ ይይዛል። አንዷን ማማ ሠርቶ ለማጣበቅ ሳምንታት ይፈጅበት ነበር። ስምንቱንም አጣበቀ። ቀጥ አላሉም። እሱም ያውቃል። ቢሆንም ስምንቱም ቆመው ነበር።

አሁን ብቻውን ሲቀር ወደ ጓዳዋ ክፍል ተመልሶ አጉሊ መነጽሩን አነሣ። ማማዎቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ አንዱ ካንዱ አይዛነፍም። የእሱ አልነበሩም። ጫማውን እንደምንም አጥልቆ፣ ሱሪውን ጨብጦ፣ ደረጃውን ወረደ።

አድሚራሉ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚኖረው። በር ሲከፍት እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። ገና ከአልጋህ ተነሥተህ ለምስጋና ብለህ መምጣት ነበረብህ ወይ፣ እኔ አልመጣም ነበር ወይ እያለ ወደ ውስጥ ሊያስገባው ሞከረ። ቀለም ቀቢው ከደፉ አላለፈም።

«ማማዎቼስ?» አለው።

«የትኞቹ?»

«እኔ የሠራኋቸው።»

አድሚራሉ ራሱን አከከ። «ጠማማ ነበሩ እኮ። አንተም አታጣውም። አንዱ ወደ ባሕር፣ አንዱ ወደ ሰማይ ነበር የሚያየው። በአዲስ ተካኋቸው።»

«አሮጌዎቹ የት አሉ?»

«ጣልኳቸው። ምን ላድርጋቸው?»

ቀለም ቀቢው ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ሆዱን እንዳያመው ይሁን ጎረቤት እንዳይሰማ፣ እሱም አያውቀው።

«ማን ጨርስልኝ አለህ?»

አድሚራሉም ሰው ነውና ቱግ አለ። አልጋ ላይ ለወደቀ ወዳጁ ዓይኑ እስኪቀላ ሠርቶ፣ ምስጋናው ቀርቶ እንደ ሌባ በር ላይ እንደሚመረመር፣ ሠርቶ መወቀስ እንዲህ ነው ወይ እያለ አጉረመረመ። ከዚያም ባይናገረው የሚሻለውን ተናገረ።

«በዚያ እጅህ እስከ መቼ ልትጨርሳት ነበር?»

«እስከፈለግኩበት፤» አለ ቀለም ቀቢው። «ከፈለግኩ ሳልጨርሳት እሞታለሁ። እሱም የራሴ ጉዳይ ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው አይቻለሁ፤ በቁሜ የቀበረኝ ግን አንተ ነህ።»

«እኔን ተወኝ። ልጅህን ጠይቃት። ቤቴ ድረስ መጥታ የለመነችኝ እሷ ናት። ቶሎ ጨርሳትና ነገሩ ያብቃ ነው ያለችኝ።»

ቀለም ቀቢው ዞረ። የመጣበት መንገድ ሲመለስ በእጥፍ ረዘመበት። ስፌቱ እየወጋው በየመብራቱ ምሰሶ እየቆመ፣ በሚያልፈው ሁሉ እየተናደደ፣ እግረኛ መንገድ ላይ መኪና ያቆመውን ሾፌር፣ እንዲያውም መኪናውን በዚያ ቀለም የቀባውን ሰው ሳይቀር እየረገመ ቤቱ ደረሰ። የተከደነለትን ምሳ አልነካውም። ሳሎን ተቀምጦ ልጁን ጠበቀ።

ወደ ማታ ግድም መጣች። ፀጉር ቤት ውላ ስትመጣ እግሯ ያብጣል፤ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ነው የምትገባው። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጠየቃት። ነገሩ ያብቃ ብለሻል ወይ አላት።

እክዳለሁ ብላ አልሞከረችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ፊቷ ከድካም ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አየው።

«ብያለሁ፤» አለች። «ያቺን መርከብ እጠላታለሁ። ከገባሁ ጀምሮ እጠላታለሁ። ራት አቅርቤ ስጠራህ መጣሁ ትለኛለህ። አንተ እስክትመጣ ምግቡም ይበርዳል፣ እኔም ያዘጋጀሁት ወሬ ይጠፋብኛል። ቤቴን ለቅቄ የመጣሁት አንተ ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው። ብቻዬን የቀረሁት ግን እኔ ነኝ። የአንተ ሚስት ብቻ አይደለችም እኮ የሞተችው።»

ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀም። የጠበቀው ለቅሶ ነው፣ ላስደስትህ ብዬ ነው የሚል ነው፤ ለዚያ የሚሆን መልስ መንገዱን ሙሉ ሲያዘጋጅ ነበር። ያዘጋጀው ሁሉ ከንቱ ሆነበት። ንዴቱ ግን አልበረደም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ።

«እንዲህ ብለሽ ብትነግሪኝ ምናለበት?» አላት። «ጠላኋት በይ። ወይ እሷ ወይ እኔ በይ። ቢከፋኝም ሰው ተናገረኝ እላለሁ። አንቺ ግን በጨርቅ ሸፍነሽ እንኳን ደስ ያለህ አልሽኝ። የጠላሽውን ነገር ስጦታ አድርገሽ ሰጠሽኝ።»

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

አይሰማም ነበር። ሁለቱም ያውቁታል። እሷ እግሯን ማሸት ያዘች። በመጨረሻ ተነሥታ ያልተነካውን ምሳ ማሞቅ ጀመረች። ሁለቱም በሉ፤ ሳህን ከማንኪያ ጋር ሲጋጭ ብቻ እየተሰማ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲበሉ የመጀመሪያቸው መሆኑን ሁለቱ ልብ ይበሉት አይበሉት እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትሰናዳ ከመታጠቢያ ቤቱ የጋራዥ ሽታ መጣባት። ብትገባ አባቷ ጓንት አጥልቆ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ኔቫዳን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አስተኝቶ ፍሬን ዘይት እያፈሰሰባት ነው። ፍሬን ዘይት ፕላስቲኩን ሳይነካ ቀለሙን ይልጣል፤ በሙያው የሚያውቀው ነገር ነው። የአድሚራሉ ቀለም ተሸብሽቦ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይነሣል፣ እሱ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍገዋል። ስምንቱ ቀጥ ያሉ ማማዎች አስቀድመው ተነቅለው ወረቀት ላይ ተደርድረዋል።

መርከቧን ሊያጠፋት መሰላት። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። በኋላ ግን የፊቱን ሁኔታ አይታ ቆመች፤ የሚያጠፋ ሰው እንደዚያ በጥንቃቄ አይፈገፍግም።

«ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው?» አለችው።

«ከማማዎቹ።»

ልጁ በሩን ተደግፋ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ቁርጥ ባለ ድምፅ፣ ፀጉር ቤት የሚያስቸግሩ ደንበኞችን በምታናግርበት ድምፅ ነገረችው። ጓዳዋ ክፍል ትዘጋለች። የሚሠራ ከሆነ ሳሎን፣ መስኮቱ አጠገብ፣ እሷ ዓይን ሥር ይሥራ፤ ራት ሲቀርብም መርከቧ ከጠረጴዛው ትነሣለች። እሱ ብርሃኑ አይመችም አለ፣ ንፋስ ይገባል አለ፣ ዕቃው ይጠፋል አለ። እሷ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር። ማታ ስትመለስ ጠረጴዛው ሳሎን መስኮቱ ሥር ቆሞ አገኘችው። ሆዱ ተሰፍቶ ጠረጴዛ የሚጎትት ሰው አብዷል ብላ ጮኸችበት፤ እሱም ያዘዝሽው አንቺ ነሽ ብሎ መለሰላት።

ከሳምንት በኋላ አድሚራሉ ብርቱካን ይዞ መጣ። ቀለም ቀቢው በር ላይ ተቀበለው። በወረቀት የጠቀለላቸውን ስምንት ማማዎች እጁ ላይ አስቀመጠለት፤ ንብረትህን ውሰድ አለው። አድሚራሉ ወረቀቱን ገልጦ አየና ፊቱ ቀላ። ብርቱካኑን ግን ይዞ አልተመለሰም፤ ደፉ ላይ አስቀምጦት ሄደ። ልጁ አንሥታ አጠበችው። አባቷ አልበላም አለ፤ ስትተኛ ሁለት በላ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዛሬም ስብስቡ ላይ ሲገናኙ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። ዕርቅ የሚባል ነገር አልመጣም፤ ቀለም ቀቢውም አይፈልገውም፤ እዚያች ንዴት ላይ እጁን ሲያሞቅ የሚኖር ይመስላል።

ሥራው ቀጠለ። እጁ አልተሻለውም፤ እንዲያውም ብሷል። ሦስት ማማ ሠርቶ አንዷን ኮላው ሳይደርቅ ጨፈለቃት። የኮላው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ልጁ በየቀኑ ታጉረመርማለች፤ እሱም ሬዲዮሽን ቀንሺ እያለ ያጉረመርማል። መስኮቱ ይከፈት አይከፈት፣ መብራቱ ይብራ አይብራ፣ ጨው በዝቷል አልበዛም፣ ሳይጨቃጨቁ የሚያልፍ ማታ የለም። የፀጉር ቤቱንም ወሬ፣ ማን ፀጉሯን አቃጥላ እንደመጣች፣ ማን በባሏ ላይ እንደሸፈተች፣ እሱ አሁን ሁሉንም ያውቃል፤ ሳይወድ በግዱ ሲሰማ ከርሞ በስማቸው መጠየቅ ጀምሯል።

አንድ ቀን ወደ ማታ ግድም፣ ገና ሳይመሽ፣ ከራት በፊት፣ ማማ ከወረንጦው አምልጣ ወለል ላይ ወደቀች። ሰውየው በጉልበቱ ተንበርክኮ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣት። ልጁ የስልኳን መብራት አብርታ ሶፋው ሥር ገባች፣ በጣቷ ጫፍ አነሣቻት፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችለት። ቀኑን ሙሉ ፀጉር የምታስተካክል እጅ ናት፤ ፀጥ ያለች፣ የማትንቀጠቀጥ። እሱም አያት። ላጣብቅልህ አላለችም። አጣብቂልኝም አላላትም። እሷ መስኮቱ ሥር ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ እሱ ክርኑን ተከለ፣ ትንፋሹን ዋጠ።

«ትንሽ ፈቀቅ በይ፤» አላት። «ብርሃኔን ጋርደሽዋል።»

«አንተ ጠረጴዛህን አንሣ፤ እኔ አሁን ነው የተቀመጥኩት።»

ሰውየው የሆነ ነገር እያነበነበ ተነሥቶ፣ መርከቧ እንዳትነቃነቅ አንድ እጁን ገላዋ ላይ አድርጎ፣ ጠረጴዛውን ገፋ አደረገው።